አምስተኛው ማውረጃ

እግር የተፈጠረው ፍሬንና ነዳጅ ለመርገጥ ነው ብዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሚኒባሴ ግቢዬ ውስጥ ቆማ ዶሮዎች እንቁላል የሚጥሉባት ከሆነች ሦስት ዓመት አልፏታል፤ የኔ አመል ግን አብሯት አልቆመም። ከቤቴ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለችውን ሁለት መቶ እርምጃ እንኳ የምሄዳት እያጉረመረምኩ ነው። ታዲያ እንደኔ ያለው ሰው ስለ ተራራ ጉዞ ላውራ ብሎ ሲነሣ የሚያውቁኝ ሁሉ ይስቃሉ። ይሳቁ! ጥፋቱ የኔ አይደለም፤ የማ ኦዚሊያ ነው።

ማ ኦዚሊያ ጎረቤቴ ናት። ስልሳ ዘጠኝ ሞልቷታል፣ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ አንቱ ብላት ግን "ማንን ነው የምታስረጀው?" ብላ በያዘችው ማማሰያ ትመታኛለች። ቀጭን ናት፣ ቀጥ ያለች ናት፣ አንገቷ የቤት ምሰሶ ነው። ያንን አንገት የሰጣት ሥራዋ ነው። ከዐሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ ጎደሬና ሙዝ በትሪ ሞልታ በራሷ ተሸክማ፣ ከእኛ መንደር ከአንስ ካኖ ተነሥታ፣ ባሕሩ ላይ የተደፋውን ተራራ ተሻግራ ማዶ ያለው ፎን ሲትሮን መንደር ወርዳ ትሸጥ ነበር። ስትመለስ ትሪው ዓሣ ይሞላል። እንደሷ ያሉ ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ ጠዋት ሲወጡ ሳቃቸው ከደመናው ውስጥ ይሰማ ነበር።

ከዚያ አስፋልቱ መጣ፤ እኔም አብሬው መጣሁ። የመጀመሪያውን ሚኒባስ በተራራው ዙሪያ የነዳሁት እኔ ነኝ። አርባ ደቂቃ! ያን ዕለት ሴቶቹ ጭነታቸውን ይዘው ወደ ዳገቱ ሲያመሩ ክላክሴን አንባርቄ፣ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ፣ "ማ ኦዚሊያ! አንገትሽን አሳርፊው እንጂ፣ ነገም ያስፈልግሻል!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ሳቀልኝ። በወሩ አምስቱ ሴቶች ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። እሷ ብቻ ሁለት ዓመት ብቻዋን ተመላለሰች። ግን በኔ ሚኒባስ የመጣው ጎደሬ ከሷ ጎደሬ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል፤ ማን ይገዛታል? ተወችው። የሚኒባሴን ወንበር ግን አንድም ቀን አልነካችም። በአስፋልት አልሄድም ብላ ፎን ሲትሮንንም ከዓመት ወደ ዓመት እያራቀች፣ በመጨረሻ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳትረግጠው ቀረች። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ጎረቤቷ ሆኜ ኖርኩ። አላፈርኩም ነበር፤ ሥራ ሥራ ነው እል ነበር።

አምና የደን ቢሮው ያንን የድሮ መንገድ አስጠርጎ ለእግር ተጓዦች ከፈተው። ሰዎች ከየአገሩ እየመጡ በገዛ ፈቃዳቸው ዳገት ይወጣሉ። ወይ ጉድ! ቀጥሎም ደንብ ወጣ፦ ከሰኔ ወር ማብቂያ በኋላ የመሪ ባጅ የሌለው ሰው በዚያ መንገድ ላይ ማንንም መምራት አይችልም። ባጁ የሚሰጠው ደግሞ የጉዞ ፕላን በፎርም ላይ ጽፎ፣ ፕላኑ ላይ እንዳለው ሰው መርቶ ላደረሰ ነው። ከተባለው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ያሳለፈ ወደቀ ማለት ነው።

ማ ኦዚሊያ አንድ ጊዜ ወድቃለች። ፎርሙ ርቀት በኪሎ ሜትር ሲላት "አራት ማውረጃ ነው" አለች፤ ጊዜ ሲላት "አምስት አንገት" አለች። ፈታኟ ሚስ ጃኔል የምትባል የከተማ ልጅ ናት፣ ጨዋ ናት፣ ግን ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ማ ኦዚሊያ በዚያ ቀን ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። በማግስቱ ያችን የተረፈች አንድ ዕድሏን ይዛ፣ ፎርሙን ጠቅልላ በብብቷ አድርጋ ግቢዬ ከች አለች።

"ሹፌሩ፣ አንተ ሰዓት ታውቃለህ፤ ጻፍልኝ" አለችኝ።

"እኔ? ስለ እግር ጉዞ? ሌላ ሰው ጠፋ?"

"መንገዴን የገደልከው አንተ ነህ። ሬሳውን ማንሣት ያንተ ሥራ ነው።"

  ሠላሳ ምናምን ዓመት በሆዷ ይዛው ኖራ በሁለት ዓረፍተ ነገር ዘረገፈችው። እስክሪብቶ ፍለጋ ገባሁ።

ማውረጃ ማለት፣ መንገዱ ዳር ላይ ትከሻ ልክ ሆኖ የተተከለ ድንጋይ ነው። ጭነት በራሷ የያዘች ሴት ብቻዋን ናት፣ የሚያወርድላት የለም፤ ድንጋዩ ጋ ትጠጋና ትሪውን ገፋ ታደርገዋለች፣ ስትነሣም እንደዚያው ከድንጋዩ ላይ በራሷ ትረከበዋለች። አራት ናቸው፣ ስምም አላቸው። የመጀመሪያው አፍ ማዘጊያ፤ እዚያ ድረስ ወሬ የቻለ ሰው የለም። ሁለተኛው ሐሜት፣ ከትልቅ ተንጠልጣይ ዓለት ሥር። ሦስተኛው የነፋስ በር። አራተኛው ማዶ ማያ፣ ፎን ሲትሮን ከነባሕሩ ከሥር የሚታይበት።

"እሺ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ አፍ ማዘጊያ ስንት ደቂቃ ነው?" አልኳት።

"አንድ አንገት።"

"ኧረ በፈጠረሽ፣ አንድ አንገት ስንት ነው?"

"አንገት ጭነቱን አውርጂልኝ እስኪል ድረስ ነዋ! ድንጋዮቹን እናቶቻችን የተከሏቸው አንገታቸው በለመነበት ቦታ ላይ ነው። ዳገቱ ላይ ይቀራረባሉ፣ ሜዳው ላይ ይራራቃሉ። አንገት ተራራና ሜዳ አይለይም፤ የሚያውቀው ሸክሙን ነው።"

ይህን ስትል እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ገባኝ! በየማውረጃው መካከል ያለው ርቀት ይለያያል፤ ጊዜው ግን አንድ ነው። የአንዷን አንገት ካወቅን ሁሉንም አወቅን። ሚስ ጃኔል በዚያ ውድ መሣሪያዋ የምትለካውን እነዚያ ያልተማሩ ሴቶች በድንጋይ ለክተው አስቀምጠውታል።

"ተነሺ፣ ትሪሽን አምጪ" አልኳት።

ጎደሬ ሞላንበት፤ ራሷ ላይ ባኖረችው የጨርቅ ክብ ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ የሞተችውን ሚኒባሴን መዞር ጀመረች። እኔ ሰዓቴን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ዞረች፣ ዞረች። ሰፈሩ አጥሩ ላይ ተሰበሰበ።

"ኢላሪዮን! በሚኒባሱ አልሄድ ስትልህ በዙሪያው ታሽከረክራታለህ?" ይላል አንዱ።

"ማ ኦዚሊያ፣ ቲኬት ቆረጥሽ ወይ?" ይላል ሌላው።

እሷ መዞሯን ቀጠለች። አርባ አምስተኛው ደቂቃ ላይ አንገቷን ሰበቅ አድርጋ "በቃ፣ አሁን ለመነኝ" አለች። ደግመን በበነጋው ለካን። አርባ አምስት። በሦስተኛው ቀን ለካን። አርባ አምስት! አፈር ልብላ፣ የመንግሥት ሰዓት እንኳ እንዲህ አይሠራም።

ፕላኑ እንዲህ ተሠራ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት መነሣት፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሐሜት መድረስ፤ እዚያ ሃያ አምስት ደቂቃ ማረፍ፤ አምስት ሰዓት ከዐሥር ፎን ሲትሮን መግባት። ለሚስ ጃኔል ስናስረክባት ዓይኗ ሐሜት ላይ ቆመ።

"ማ ኦዚሊያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ይበዛል። አምስት ቢያደርጉትስ?"

"ልጄ፣ ሐሜት በአምስት ደቂቃ አያልቅም።"

"ሸክም ተሸክሜ እመራለሁ ብለው ደግሞ ጽፈዋል። ለምን ይደክማሉ?"

"ባዶ ራሴን ከሄድኩ እፈጥናለሁ፤ ፕላኑ ይበላሻል።"

ሚስ ጃኔል ወደኔ አየች፤ እኔ ጣራውን አየሁ። ቀጥላ "በአደጋ ጊዜ መገናኛ" የሚለው ላይ "ስልክ፣ ዛጎል" ብለን የጻፍነውን አይታ ዛጎል የሚለውን ሰረዘችው።  ለጉዞው ስንነሣ ግን ማ ኦዚሊያ ያንን በየባሕር ዳርቻው እንደ መለከት የሚነፋ ትልቅ ዛጎል ከትሪው ሥር እንደምትሸጉጠው አውቄያለሁ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ባይ ናት። በዚያው እሑድ መንገዱን ብቻዋን ከማዶ ማያ ወዲያ እስከ ቁልቁለቱ አጋማሽ ድረስ ሄዳ አይታው መጣች። ፎን ሲትሮን ግን አልወረደችም። "የምወርደው ባጅ ላገኝ ነው" አለች።

"ታዲያ ማን ይከተልሻል? ሰው መርተሽ ማድረስ አለብሽ እኮ።"

"ከጎረቤት ደሴት ከማርቲኒክ የመጡ ባልና ሚስት አሉ፣ ሙሴ ፊርሚንና ማዳም ፊርሚን። ፈታኟ አለች። አንተ አለህ።"

"እኔ!"

"ሰዓቱን የያዝከው አንተ አይደለህ? ወይስ በሚኒባስ ዞረህ ትጠብቀናለህ?"

በዚህ ነገር ውስጥ እንዴት እንደገባሁ አሁን ድረስ አላውቅም። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በልጄ የስፖርት ጫማ፣ ሆዴን አስቀድሜ ቆሜ ነበር። ማ ኦዚሊያ ቀይ ሻሿን አስራ፣ የዳቦ ፍሬ የሚባለውን የዛፍ ፍሬ በፍም ጠብሳ፣ በጭስ ከደረቀ ዓሣና ከጎደሬው ጋር በትሪዋ ይዛ፣ አንዴ እንኳ ዞር ሳትል ጉዞ ጀመረች።

አፍ ማዘጊያ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ሦስት ጊዜ ልሰድባት አፌን ከፍቼ ሦስቱንም ጊዜ አየር ብቻ ወጣ። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ሰዓቴን አየሁ፦ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት። ሚስ ጃኔልም የሷን አየች። 

ሐሜት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ሙሴ ፊርሚን ረጅም፣ ጨዋ፣ ገደል ሲያይ ጉልበቱ የሚከዳው ሰው ነው፤ "እኔ አልደከመኝም፣ እንቀጥል" አለ። ሰማዩ ሰማያዊ ነው። ሚስ ጃኔል "እውነቱን ነው፣ ማ ኦዚሊያ፣ ጊዜ ብናተርፍ ጥሩ ነው" አለቻት።

"ተቀመጡ" አለች ማ ኦዚሊያ፣ ዳቦ ፍሬውን እየቆረሰች። "አሁን ማንን እንማ?"

ሁለት ጉርሻ ሳንጨርስ ከባሕሩ በኩል ደመና መጣ። ዝናብ አይባልም፣ ባልዲ ነው የተደፋው። እኛ ከዓለቱ ሥር፣ ደረቅ፣ ዓሣችንን እየበላን። ከዓለቱ አንድ እርምጃ ወጣ ብሎ መንገዱ ወንዝ ሆኗል። ሃያ ደቂቃ ዘንቦ ቀጥ አለ። ማ ኦዚሊያ ፍርፋሪውን ከቀሚሷ አራገፈች፤ "በዚህ ወር በዚህ ሰዓት ይመጣል፣ ይሄዳል። እንነሣ" አለች። ማዳም ፊርሚን አጨበጨበች። ሚስ ጃኔል ፎርሙ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች፤ አንገቴን ሰግጌ ላይ ብሞክር ደበቀችኝ።

የነፋስ በርን አለፍን። ማዶ ማያ አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ደረስን፤ አንድ ደቂቃ እንኳ ዝንፍ አላለም። ከሥራችን ፎን ሲትሮን፣ የቤቶቹ ቀያይ ጣራ፣ ባሕሩ። ማ ኦዚሊያ ትሪዋን ድንጋዩ ላይ ገፋ አድርጋ ቆማ አየችው። ስምንት ዓመት። ዓይኗ ውስጥ ያየሁትን አልናገርም፤ ብቻ እኔም አፍንጫዬን መጠረግ አስፈለገኝ፣ ዳገቱ ነው ብዬ አሳበብኩ። አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ ቀረን፤ ሁሉም ቁልቁለት ነው። አለቀ፣ ባጁ ኪሷ ገባ አልኩ።

ያልኩበትን አፌን በቆረጠው! ዐሥራ አምስት ደቂቃ እንደወረድን መንገዱ የለም። ሐሙስ ሌሊት የዘነበው ዝናብ የተራራውን ትከሻ ንዶ አውርዶታል። ሃያ እርምጃ የሚሆን ቦታ ላይ ጭቃ፣ የተገነደሱ ዛፎች፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ተቆላልፎ ተከምሯል፤ ከዚያ ወዲያ ቀጥ ያለ ገደል፣ ከታች ባሕር። እሑድ ስታየው ደህና ነበር። ፕላን ላይ የሌለ ነገር ይኼ ነው።

ሚስ ጃኔል ስልኳን አወጣች፤ ምልክት የለም። የኔም የለም። "ማ ኦዚሊያ፣ በጣም አዝናለሁ" አለች፤ የእውነቷን ነው። "መመለስ ነው ያለብን። ግን ደንቡ... ካልደረስን አልደረስንም ነው የሚባለው። ሌላ ዕድል ደግሞ የለዎትም።"

ማ ኦዚሊያ አንድ እግሯን ግንዱ ላይ አሳረፈች። ትሪው ራሷ ላይ ነው፤ ንቅንቅ አይልም። እንደምታልፍ አውቃለሁ፤ በዚህ ዕድሜዋም ታልፋለች፣ ዐይኗን ጨፍና ታልፋለች። ማዶው ላይ ባጁ አለ። ከዚያ ዞር ብላ የሙሴ ፊርሚንን ጉልበት አየች። የሰውዬው ሱሪ እየተንቀጠቀጠ ነበር። እግሯን መለሰች።

"እኔ አልፋለሁ፤ እነሱ አያልፉም። ሰው ከኋላው ጥሎ ያለፈ፣ እሱ አለፈ እንጂ መቼ መራ?" አለች። ትሪዋን አወረደች፣ ከሥሩ ዛጎሉን አወጣች፣ ለኔ ሰጠችኝ። "ንፋ።"

"ለምን እኔ? አንቺ ንፊው!"

"የፊት ጥርሶቼ ከሄዱ ወዲህ ትንፋሼ በጎን ያመልጣል። ሦስት ረጃጅም ነው። ሦስት ረጅም ሲሰሙ ሰው ችግር ላይ ነው ብለው ገጀራ ይዘው ይመጣሉ። ቶሎ በል!"

አፌን ገጥሜ ነፋሁ። ረጅም እንዲሆን አስቤ ነበር፣ እመቤቴ ምስክሬ ናት። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሳንባ ነው። ፉ! አልኩና አለቀብኝ። ፉ! ተንፈስ። ፉ! ፉ! ፉ! እያቆራረጥኩ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ደም ሥሬ ተገታትሮ የቻልኩትን ሁሉ ነፋሁ።

ማ ኦዚሊያ ራሷን ያዘች። "አንተ ሰውዬ! ምን እያልክ ነው?"

"ምን አልኩ?"

"ዓሣ መጣ እያልክ ነዋ!"

እውነቷን ነው። ተከታታይ አጫጭር ማለት ጀልባ ዓሣ ሞልቶ ገባ፣ ሳፋችሁን ይዛችሁ ኑ ማለት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሮጥለት የኖርኩት ጥሪ! ይባስ ብሎ ፎን ሲትሮን የባሕር አረም ወደቡን ዘግቶባቸው ሦስት ሳምንት ዓሣ አልቀመሱም። ከላይ ሆነን አየናቸው። በሮች ተበረገዱ። ሴቱ ሳፋ ይዞ፣ ወንዱ ከእርሻው ገጀራውን እንደያዘ፣ ቄሱ ሳይቀሩ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተፈተለኩ። ደረሱ። ጀልባ የለም። ቆሙ። ግራ ገብቷቸው ወዲያ ወዲህ ሲሉ ጉንዳን ይመስሉ ነበር።

"ደግመህ ንፋ!" አለች።

"ያው ዓሣ ነው የሚወጣኝ!"

"ዓሣም ቢሆን ንፋ!" አለችና ቀይ ሻሿን ፈትታ እንጨት ላይ አስራ ማውለብለብ ጀመረች። ሽበቷን በአደባባይ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። እኔ እነፋለሁ፣ እሷ ታውለበልባለች፣ ማዳም ፊርሚን ትጮኻለች። ታች ያለው ሕዝብ አንገቱን ቀና አደረገ። ከዚያ መንደሩ እንዳለ ወደ ተራራው ተመመ።

ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ጋስፓር የሚባለው ትከሻ ሰፊ ዓሣ አጥማጅ ነው። በአንድ እጁ ሳፋ፣ በአንድ እጁ ገጀራ፤ ከጭቃው ክምር ማዶ ቆሞ እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ ጮኸ።

"የታለ ዓሣው? ተራራ ላይ ማነው ዓሣ መጣ የሚለው? የማን ወስላታ ነው?"

ማ ኦዚሊያ ወደ ክምሩ ጠጋ አለች። "ጋስፓር፣ አንተ ባለጌ፣ እናትህ እንዲህ ነው ሰው የምትቀበለው ብላ አሳደገችህ? ዓሣው እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት ያላያችሁት።"

ጋስፓር አፍጥጦ አያት። ሳፋው ከእጁ ወደቀ። "ማ... ማ ኦዚሊያ? ማ ኦዚሊያ ናት እንዴ?" ከዚያ ወደ ኋላው ዞሮ እንደ ሕፃን ጮኸ፦ "ማ ኦዚሊያ ናት! በእግሯ መጣች! በመንገዱ መጣች!"

"እልልታውን ተወውና ገጀራህን አንሣ" አለችው። "አርባ ደቂቃ ነው የቀረኝ። ከዚያ በኋላ ይህን መንገድ ሰው ይዤ አላየውም።"

ሦስት ረጅም ነፍቼ ቢሆን ምናልባት አራት ወንዶች ይመጡ ነበር። ለዓሣ ግን መንደሩ እንዳለ መጣ፤ ስልሳ ሰው! ያን ጊዜ ደቦ ምን እንደሆነ አየሁ። ወንዱ ቅርንጫፍ ይቆርጣል፣ ሴቱ ለዓሣ ባመጣው ሳፋ ጭቃ ይዝቃል፣ ቄሱ ግንድ ይጎትታሉ፣ አሮጊቶቹ እኔን ይሳደባሉ። "የቱ ነው የነፋው? ያ ሆዳሙ ነው? ሲያዩትም ዓሣ ይመስላል።" ሚስ ጃኔል ራሷ ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ውስጥ ገብታለች። ጋስፓር ሙሴ ፊርሚንን በገደሉ በኩል ራሱ ቆሞ፣ ትከሻውን አቅፎ፣ "ባሕሩን አትየው፣ እኔን እየኝ፤ እኔ እበልጣለሁ" እያለ አሻገረው። ሰዓቴ አምስት ሰዓት ከዐሥር ይላል። ሠላሳ ደቂቃ ቀረ።

"ማ ኦዚሊያ፣ ሩጪ!" አልኳት። "ትሪውን ለሰው ስጪና ሩጪ!"

"ሸክም ይዞ አይሮጥም። ዕቃዬንም ለሰው አልሰጥም።" ጎደሬዋን ከድንጋይ ላይ በራሷ ተረከበች፣ አንገቷን አቀናች፣ መውረድ ጀመረች።  ስልሳው ሰው ከኋላዋ ተሰለፈ፤ አንዷ ሳፋዋን መታች፣ ሌላዋ ቀጠለች፣ ከዚያ ሁሉም ሳፋውን እየደለቀ ወረደ። እሷ እርምጃዋን አላፈጠነች፣ አላዘገየች። እኔ ከጎኗ ሰዓቴን እያየሁ "ዐሥር ደቂቃ... ስድስት ደቂቃ... ኧረ ሴትዮ!" እላለሁ። "ዝም በል፣ አንገቴን አውቀዋለሁ" ትላለች።

የፎን ሲትሮን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ትሪዋን ስታወርድ አምስት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ነበር። ሁለት ደቂቃ ቀርቷል! እልልታው ጣራ ነቀነቀ። ሚስ ጃኔል እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ፎርሙን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈረመች። ከዚያ "በአደጋ ጊዜ መገናኛ" የሚለው ጋ ተመለሰች፤ የሰረዘችውን ዛጎል ደግማ ጻፈችው፣ ከጎኑም "ዓሣ መጣ ቢባል ይመረጣል" ብላ ጨመረችበት። ባጁን ከቦርሳዋ አውጥታ ማ ኦዚሊያ ደረት ላይ ሰካችው።

ያቺ ምላሳም ሴት ባጁን በጣቷ ነካ፣ ነካ አደረገችው። ወደኔ ዞራ "ኢላሪዮን፣ ቀጥ ብሏል?" አለችኝ። በስሜ የጠራችኝ ሚኒባስ ከያዝኩ ወዲህ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዶቹና ሚስ ጃኔል በሚኒባስ ሊመለሱ ተሳፈሩ። ሹፌሩ የማውቀው ልጅ ነው፤ "ጋሼ ኢላሪዮን፣ ግቡ፣ የፊቱን ወንበር ይዤልዎታለሁ" አለኝ። ማ ኦዚሊያ የጋስፓር ሚስት የሰጠቻትን የሎሚና የኮኮናት ስጦታ በትሪዋ እየደረደረች ነበር፣ ለመመለሻው። ወንበሩን አየሁት። ትሪውን አየሁት።

"የጨርቅ ክቡን ስጪኝ" አልኳት።

"ምን ልታደርገው?"

"ስጪኝ ብያለሁ!"

ራሴ ላይ ጫንኩት። የፎን ሲትሮን ሰው በሳቅ ሞተ፣ ልጁ ሹፌር ክላክሱን አንባረቀብኝ። ይበለኝ። ዳገቱን ጀመርነው። በዐሥራ አንደኛው ደቂቃ አንገቴ ለመነ፤ መለመን ብቻ አይደለም፣ አለቀሰ። "ማ ኦዚሊያ፣ አልቻልኩም!" ስል በአካባቢው ማውረጃ የለም። ዞር ዞር ብላ መንገዱ ዳር ያለ ትከሻ ልክ ድንጋይ አየች፤ ከጋስፓር ተውሳ በያዘችው ገጀራ የለበሰውን አረንጓዴ ሽበት ፋቀችው፣ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ትሪውን ገፋሁበትና ዘፍ አልኩ።

"ይኸው፣ አምስተኛው ማውረጃ" አለች። "ስሙ ሹፌሩ ነው።"

አሁን ፎርሙ ላይ ተጽፏል። በየቅዳሜው እንግዳ ሲመጣ ማ ኦዚሊያ ባጇን አድርጋ ከፊት፣ እኔ ዕቃ ተሸክሜ ከኋላ እንሄዳለን። ከፎን ሲትሮን ስንመለስ እዚያ ድንጋይ ጋ ሁሉም ይጠይቃሉ፦ ይኼ ደግሞ ለምን ለመንደሩ እንዲህ ቀረበ? ትነግራቸዋለች፣ ይስቁብኛል፤ እኔ እስኪጨርሱ አርፋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ግን እንግዶቹ ወሬውን እየሰሙ ሳለ እኔ ትሪዬን ራሴ ላይ እንዳደረግኩ፣ ሳላወርድ፣ ድንጋዩን አልፌው ሄድኩ። ማ ኦዚሊያ ወሬዋን አቋርጣ ከኋላዬ "አንተ ሰውዬ! ፕላኔን እያበላሸህብኝ ነው!" ብላ ጮኸች።